ያለፈው ዓመት እንጨት

ባለቤቴ ከሐኪም ቤት በወጣ ዕለት ሁለት ነገር ጠየቀኝ፤ ጫማውን እንድፈታለትና ጽጌረዳ እንድገዛለት። ጫማውን ፈታሁለት። ጽጌረዳውን ስሰማ ግን መድኃኒቱ አናቱ ላይ ወጣ ብዬ ደነገጥኩ። ድንች ስልጥ "ልጣጩን አታወፍሪው" ከማለት በቀር ከመሬት የሚበቅል ነገር ጉዳዩ ሆኖ አያውቅም። ዕድሜውን የጨረሰው ከመስታወት ጋር ነው፤ መስኮት ይገጥማል፣ ለሱቅ ይቆርጣል፣ የተሰበረ ይቀይራል። ሳንባዬ ውስጥ የገባው የመስታወት ብናኝ ነው እያለ ራሱን ያጽናናል። ሐኪሙ ደግሞ ሲጋራውን አልረሳለትም።

"ምን አለህ ሐኪሙ?" አልኩት።

"ብርዱን ታልፋለህ አለኝ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ይሞቃል" አለና ዓይኑን ጨፈነ።

ሐኪሙ እኔን ኮሪደር ላይ አቁሞ የነገረኝ እንዲህ ሆድ የሚሞላ ነገር አልነበረም። ብርዱን ይገፋው ይሆናል፣ ሙቀቱ ከገባ በኋላ ግን ብዙ አትጠብቂ ነው ያለኝ። ባለቤቴም ይህን ያውቅ ነበር። አብረን ያረጀን ሰዎች ነን፤ አንዱ የሰማውን ሌላው ሳይነገረው ይደርስበታል።

ችግኝ የምትሸጥ ሴት ዘንድ በታክሲ ወሰድኩት። ጭቃ የጠጣ ቦት ጫማ ያደረገች ወፍራም ሴት ናት። ገና ከመኪናው ሳይወርድ፣ አንድ እግሩን መሬት አድርጎ፣ "ብርድ የማይገድለው ጽጌረዳ አለሽ?" አላት። "ተሸፋፍኖ የሚተኛ ዓይነት አልፈልግም። እሱስ ቤታችን ውስጥ አንድ አለ።"

ሴትዮዋ ፊቱን አየችና ቀልዱ ገባት፤ አልሳቀችም። ከጥግ ቆሞ ወደነበረ አንድ ቁጥቋጦ ወሰደችን። እሾሁ ጥቅጥቅ ያለ፣ እንደ ድመት ጢም የቀጠነ ነው።

"ይሄ በረዶ ቢቀብረውም ደንታ የለው" አለች። "መሸፈን የለ፣ ማሞቅ የለ። ግን ጠባይ አለው። የሚያብበው በዓመት አንዴ ነው፣ ሙቀቱ እንደገባ። የሚያብበውም ባለፈው ዓመት ባደገው እንጨት ላይ ነው። አዲሱ ቀንበጥ በዓመቱ ቅጠል እንጂ አበባ አይሰጥም። እንደ ሌላው ጽጌረዳ ብርዱ ሲለቅ ልከርክመው ብላችሁ መቀስ ካነሳችሁበት፣ የዓመቱን አበባ ቆርጣችሁ ጣላችሁ ማለት ነው። አትንኩት።"

"እንግዲያው ረጃጅም እንጨት ያለውን ስጪኝ" አላት ባለቤቴ። "ሙቀቱ ሲገባ እንዲያብብልኝ። የሚቀጥለው ዓመት አይመቸኝም።"

ወገቤ ድረስ የሚደርስ መረጠችለት። ቀለሙን ልትነግረው አፏን ስትከፍት እጁን አነሣ። "አትንገሪኝ። የምጠብቀው ነገር ይኑረኝ።" ታክሲው ውስጥ ቀይ ነው አለ። እሱ ቀይ ካለ እኔ ነጭ ማለቴ የታወቀ ነው። ቤት እስክንደርስ በቀለም ተጨቃጨቅን፤ ሾፌሩ በመስታወቱ ያየናል። እንዲህ ያለ ጭቅጭቅ ለእኛ እንደ ፍቅር ጨዋታ ነው፣ ሌላውን ዓይነት ፍቅር ብዙም አናውቅበትም።

ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ። እሱ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያዛል። "ጥልቅ አድርጊው" ይላል፤ ትንፋሹ ያጥረዋል፤ ደግሞ "ጥልቅ አድርጊው" ይላል። ወገቤ ሲቆረጥ፣ "ምነው፣ ስንት ሰው ልትቀብርበት ነው?" አልኩት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእኔ አፍ ሲያመልጥ ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እሱ ሳል እስኪይዘው ሳቀና፣ "ለጊዜው አንድ ይበቃል" አለኝ።

የተከልነው ከትልቁ መስኮት ትይዩ ነው። መስኮቱን የገጠመው ራሱ ነው፤ ለሱቅ ተቆርጦ ልኩ የተሳሳተ አንድ ግዙፍ መስታወት ነበረ፣ ግድግዳውን አፍርሶ ለእሱ ቦታ አበጀለት። ቤቱ ትንሽ ነው፣ መስኮቱ ግን ያስቀናል። አልጋውን እዚያ ሥር አደረግንለት። ብርዱ ሲገባ በረዶው ቁጥቋጦውን እስከ ግማሹ ዋጠው፤ የቀረው ጥቁር ጥቁር እንጨት ነፋስ ሲመጣ ይንቀጠቀጣል። አንድ ጠዋት አላስችል አለኝና አሮጌ ብርድ ልብስ ይዤ ወጣሁ። ገና ስጠቀልለው መስታወቱ ተንኳኳ። ባለቤቴ በቀለበቱ ነው የሚያንኳኳው። ድምፁ ቀጭን ነው፣ ግን ግቢው ሁሉ ይሰማል።

"ብርድ ልብሱን ለእኔ አምጪው" አለኝ ስገባ። "እሷ አልለመነችሽም።"

የምሠራው ልብስ ንጽሕና ቤት ነው፤ የሆቴል አንሶላ እተኩሳለሁ። ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ስታጠን ውዬ ስገባ ፊቴ እንደ ምድጃ ይግላል። የእሱ እጅ በረዶ ነው። እንደገባሁ ኮቴን ሳላወልቅ አጠገቡ እቀመጣለሁ፣ እሱም ሁለት እጁን አንገቴ ላይ አድርጎ ይሞቃል። ስለ ሥራዬ እነግረዋለሁ፣ አለቃዬን አማለሁ፣ እሱ "እሺ፣ ከዚያስ" ይላል። በዚያ ብርድ ውስጥ እጁ አንገቴ ላይ ሲሞቅ እንደምወደው አውቅ ነበር፣ እንደማጣውም አውቅ ነበር።

ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያ ጥያቄው "ቆማለች?" ነው። በረዶ መስታወቱን ሲያለብሰው ከአልጋው አይታየውም፤ እኔ በጥፍሬ ፍቄ አይቼ "ቆማለች" እለዋለሁ። "በይ እኔም ልነሣ" ይላል። አይነሣም። ግን ይላል። ሥጋው እያለቀ ሲሄድ፣ ቀለበቱ ከጣቱ እየወለቀ ስላስቸገረን ክር ጠምጥሜ አጠበብኩለት። "አበባዋን ሳላይ አልሄድም" አለኝ ክሩን ስቋጥር። ሐኪሙም ተገርሟል። ብርዱን ገፋው።

ወንድሙ የመጣው በረዶው ቀልጦ ጣሪያው መንጠብጠብ ሲጀምር ነው።

ታናሹ ነው። ከተማው ሁሉ "መቀሱ" ይለዋል፤ የማዘጋጃ ቤት አትክልተኛ ነው፣ የመንገድ ዛፍና የመናፈሻ ጽጌረዳ ይከረክማል። ከባለቤቴ ጋር ለዓመታት አልተነጋገሩም። እናታቸው ግቢ ውስጥ እየወጡበት ያደጉት አንድ የፖም ዛፍ ነበረ። አርጅቶ ወደ ጣሪያው ተጋድሟል። እናታቸው ካለፈች በኋላ መቀሱ አንድ ጠዋት ማንንም ሳያማክር ሄዶ ቆረጠው፤ ነፋስ ቤቱ ላይ ሳይጥለው ደግ ሥራ ልሥራ ብሎ ነው። ባለቤቴ ሲደርስ ጉቶው ጠበቀው። ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ "አንተ ከመቁረጥ ሌላ ምን ታውቃለህ? የነካኸው ሁሉ ጉቶ ነው" አለው። መቀሱ መጋዙን አነሣና ወጣ። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዱ የሱቅ መስኮት ያያል፣ አንዱ ሰማይ ያያል።

በሩን ስከፍት ባርኔጣውን በእጁ ጨምድዶ ቆሟል። ደሜ ፈላ። "የሞተ መስሎህ ነው? ገና ነው፣ ቸኩለሃል" አልኩት።

"እትዬ፣ ብትመልሺኝም አልፈርድብሽም" አለ።

ከውስጥ የባለቤቴ ድምፅ መጣ። "ማነው?"

"ማንም" አልኩ።

"ማንም ከሆነ ይግባ።"

ገባ። ማንም ይቅርታ አልጠየቀም፣ ማንም ይቅርታ አላደረገም። መቀሱ የአልጋው ግርጌ ተቀመጠ፣ የወንድሙ ካልሲ ወልቆ ስላየ እግሩን ጭኑ ላይ አድርጎ አለበሰው። ከዚያ ስለ አየሩ አወሩ። ስለ አየሩ ያን ያህል የሚያወራ ሰው አይቼ አላውቅም። ሲወጣ ባለቤቴ "ነገም ይበርዳል ይላሉ፣ ደርበህ ና" አለው። እኔ ዕቃ እያጠብኩ ነበርና ጀርባዬን ሰጥቼ አለቀስኩ። ንዴቴ ግን አልወጣልኝም። እኔ ቂም ስይዝ እንደ ቤት ኪራይ ነው፣ በየወሩ ይታደሳል።

ከዚያ ወዲያ ቀን ቀን ይመጣ ጀመር። እኔ ከሥራ እየቀረሁ አለቃዬ ፊቷን አጥቁራብኝ ስለነበር፣ አንድ ቀን ባለቤቴን ለእሱ ትቼ ወጣሁ። ሾርባውን እንዲህ አሙቅለት፣ መድኃኒቱን እንዲህ ስጠው፣ ትራሱን በዚህ በኩል ደግፍለት፣ ሲያስለው ቀና አድርገው። ሁሉን ተናገርኩ። ስለ ጽጌረዳው ቃል አልተናገርኩም። መስኮቱ ሥር ሊውል የመጣ ሰው ግቢ ይወጣል ብሎ ማን ያስባል።

ስመለስ መጀመሪያ ያየሁት በሩ ጥግ የተቀመጠውን እስር ነው። ረጃጅም ጥቁር እንጨት፣ ቁመቱ እኩል ተደርጎ፣ በሲባጎ ታስሮ። አሳሰሩ ያምራል፤ ሙያ ነው። ከዚያ ቁጥቋጦውን አየሁ። ከመሬት የጫማዬን ያህል እንኳ ከፍ አይልም። እያንዳንዱ ጫፍ አግድም ተቆርጦ ነጭ ልቡ ይታያል። መቀሱ መጥረጊያ ይዞ ፍርፋሪውን እየጠረገ ነው፤ ፊቱ ዕቃ አጥቦ እናቱን የሚጠብቅ ልጅ ይመስላል።

"እትዬ፣ ይሄ ምስኪን መቀስ ነክቶት አያውቅም እኮ" አለኝ። "በዚህ ላይ ብርዱ መልቀቁ ነው፣ ቢዘገይ አይሆንም ነበር። ጋሼ ተኝቶ ስለነበር ሲነቃ ደስ ይበለው ብዬ ነው። በዚህ ዓመት እንዴት አድርጎ አዲስ ቀንበጥ እንደሚገፋ ታይዋለሽ።"

አፌን ከፈትኩ። ምን ልለው እንደነበር አውቃለሁ፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ያው የድሮው ቃል ነው። መስታወቱ ተንኳኳ። ባለቤቴ ትራሱ ላይ ቀና ብሎ ያየኛል። ራሱን ወዲያና ወዲህ ነቀነቀ፣ ቀስ ብሎ፣ እስኪገባኝ ድረስ።

ተከታትለን ገባን። "ና ወዲህ" አለው ወንድሙን። "እጅህን አሳየኝ።" መቀሱ እጁን ዘረጋ። እሾሁ ቧጭሮታል፤ ጓንት ሳያደርግ ነው የሠራው። ባለቤቴ ያንን ሰፊ እጅ በሁለት እጁ ያዘ። "እጅህ ይባረክ" አለው። ሰውዬው እንደ ሕፃን አነባ።

ከሄደ በኋላ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ጀመርኩ። "ነገ ሲመጣ እነግረዋለሁ።"

"አትነግሪውም።"

"የዓመቱን አበባ እኮ ነው የቆረጠው። ያንተን ዓመት።"

"አውቃለሁ። የመጀመሪያውን ሲቆርጥ ነቅቻለሁ።"

አላመንኩትም። "ነቅተህ ዝም አልክ? እጅህ ላይ ቀለበት የለም?"

"አንስቼው ነበር" አለ፣ እጁን እያየ። "ያፏጭ ነበር። ትንሽ ሆነን እንደዚያ ነበር የሚያፏጭ፣ ደስ ሲለው። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ሰምቼው አላውቅም። ብጠራው ምን እለዋለሁ? ያንን ቃል አንድ ጊዜ ብዬዋለሁ። ደግሜ ከነገርኩት በዚያው እንለያያለን፤ ከዚህ ወዲያ የማስተካክልበት ጊዜ የለኝም። አንቺም ሆድ ይፍጀው በይ።"

"የእኔን ሆድ ታውቀዋለህ፣ ምንም ፈጅቶ አያውቅም።"

"ይልመድ" አለኝ። "እኔ ከሄድኩ በኋላም።" ቃሌን ሳይቀበል እጄን አልለቀቀም።

እስሩን ለማንም ሳልናገር ፈታሁት። እንጨቶቹን ለብ ባለ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ ከትቼ መስኮቱ ላይ ደረደርኳቸው። አንዳንዶቹ አበጡ፣ የጥፍር ያህል ቅጠል አወጡ፣ ባለቤቴ አንገቱን አስግጎ ሲያያቸው ሰነበተ። ከዚያ ቅጠሉ ተጨማደደ፣ ውሃው ሸተተ። "ተያቸው በቃ" አለኝ። ወስጄ ጣልኳቸው።

ሙቀቱ ገባ። ጉቶዎቹ አረንጓዴ ቀንበጥ ተፉ፣ በየቀኑ ይረዝማል። መቀሱ በስንዝሩ ይለካና በመስኮቱ በኩል ያሳየዋል። "አየህ ጋሼ? አየህ አገፋፉን?" ባለቤቴ "አየሁ" ይለዋል። እኔ ጥርሴን ነክሼ ሾርባ አማስላለሁ። የሌላው ሰው ግቢ ሁሉ በአበባ ተሞልቷል፤ ከሥራ ስመለስ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ነው የማልፈው። የእኛዋ ቅጠል ብቻ ናት። አንዲት እምቡጥ እንኳ ተሳስታ ትወጣ ይሆን እያልኩ ቅጠሉን ስገልጥ፣ ስንቴ ከመስታወቱ ወዲያ ሲያየኝ ያዝኩት።

አንድ ከሰዓት በኋላ አጠገቡ ሸሚዙን እተኩሳለሁ። ሐኪም ዘንድ የምንሄድ መስሎኝ ነበር። ወደ ውጭ ሲመለከት ቆየና፣ "ቅጠሉም አይከፋም" አለ።

"ምን?"

"ቅጠሉ። አይከፋም።"

ከዚያ በኋላ ውሃ ጠይቋል፣ ትራሱን አስተካክይልኝ ብሏል፣ ግን ከአፉ የያዝኩት ያንን ነው። በማግስቱ ሞተ። ሸሚዙን አለበስኩት።

መቀሱ ከዚያ በኋላ አልተለየኝም። አሸንዳውን ጠገነ፣ በሩን ዘይት ቀባ፣ የማይቆረጥ ሣር ሳይቀር ቆረጠ። በየእሑዱ ይመጣል። አንድ ቀን ደጃፉ ላይ ተቀምጠን ሳለ እንዲህ አለኝ፤ "እትዬ፣ ጋሼ ይቅር ብዬሃለሁ ብሎ በአፉ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩትም። ግን ያን ዕለት እጄን ያዘው። የነካው ሁሉ ጉቶ ነው ያለውን እጅ፣ ሠርቼ ስመጣ ይባረክ አለኝ። ሌሊት ሲጨንቀኝ ያቺን ነው የማስባት። ጽጌረዳዋን በየዓመቱ እከረክምለታለሁ፣ እስካለሁ ድረስ። የእኔ ድርሻ ይሁን።"

"ይሁን" አልኩት።

ብርዱ እንደገና መጣ። ያንን ብርድ ብቻዬን ሳሳልፈው ያስጨነቀኝ አንድ ነገር ነው። ከነገርኩት፣ ሟቹ የለመነኝን አፈረስኩ፣ የሕያውንም እንቅልፍ ወሰድኩ። ካልነገርኩት፣ በየዓመቱ እየመጣ የዓመቱን አበባ ይቆርጣል። ሰውዬው ደግሞ እንደ በሬ ጤነኛ ነው፣ እኔን ቀብሮ ቀጥሎ እንደሚከረክም አልጠራጠርም። ባሌ ሊያያት የጓጓላትን አበባ እኔም ሳላያት ልሞት ነው። ቀለሟን እንኳ አላውቅም። ንዴቱ አንዳንዴ በሟቹ ላይ ይዞርብኛል፤ ለራስህ ዝም አልክ፣ እኔን ለምን ጨመርክ እለዋለሁ፣ መስታወቱን እየወለወልኩ።

መላ ያገኘሁ መሰለኝ። ከቁጥቋጦው ጀርባ የዝናብ ውሃ የምናጠራቅምበት በርሜል አለ። ጣሪያው መንጠብጠብ ሲጀምር ወጣሁና ከሁሉ ረጅሙን እንጨት መርጬ፣ ቀስ አድርጌ ወደ በርሜሉ ጀርባ አጎነበስኩት። ከአሮጌ ትራስ ልብስ ቀድጄ ከችካል ጋር አሰርኩት። ላዩ ላይ ጆንያ ጣል አደረግኩ። እጄ ሁሉ ደማ። ሟቹንም አላስቀየምኩ፣ ሕያውንም አልጎዳሁ፣ አበባዬንም አየሁ ብዬ ራሴን አደነቅኩ።

መቀሱ በእሑዱ መጣ። መቁረጫውን ከቆዳ ቦርሳው አውጥቶ ስለቱን በጨርቅ ወለወለ። ቅርንጫፉን የምሰበስብበትን ከረጢት ይዤለት ቆምኩ። ያፏጫል። መቁረጫው ቀጭ ባለ ቁጥር ከረጢቱን እከፍትለታለሁ። "ባለፈው ዓመት አልተቀየመችኝም፣ ዘንድሮም ትገፋለች" አለ። "ምናልባት አፈሩ ነው ያላስወደዳት እንጂ ማበብ ነበረባት።" በርሜሉን ቀና ብሎ እንኳ አላየውም።

ሙቀቱ ሲገባ ጆንያውን አነሳሁ። ያ አንድ እንጨት ከሥር እስከ ጫፉ እምቡጥ ለብሷል። ከሳምንት በኋላ ጠዋት ወጥቼ ሳይ ተከፍተዋል። ቀይ አይደሉም። ነጭም አይደሉም። እንደታጠበ ሕፃን ተረከዝ ያለ ቀለም ናቸው፣ መሃላቸው ቢጫ ነው፣ ሽታቸው በርሜሉን ዞሮ ግቢውን ሞልቶታል። ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩና ሟቹን ሰደብኩት። "ሁለታችንም ተሸንፈናል፣ ሽማግሌ" አልኩት። ያኔ ነው የምር ያለቀስኩት፣ በቀብሩ ቀን እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም።

እሑድ ሳይደርስ ቆርጬ ቤት ላስገባቸው ነበር ሐሳቤ። የወጥ ቤት መቀስ ይዤ ወጣሁ። እጄ እምቢ አለ። ነገ፣ ነገ ስል እሑድ ደረሰ። በርሜሉ ጀርባ ምን ያመጣዋል ብዬ ራሴን አታለልኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ያን ሳምንት ጠብታ ዝናብ አልጣለም ነበር። መቀሱ ገብቶ ሰላም አለኝ፣ ከቁጥቋጦው ሥር አፈር በጣቱ ቆንጥሮ አየና፣ "ተጠምታለች እኮ እትዬ" አለ። ተው ሳልለው ባልዲውን አንስቶ ወደ በርሜሉ ሄደ።

ባልዲው ሲቀመጥ ሰማሁ። ውሃ ሲቀዳ አልሰማሁም።

ስደርስ ተንበርክኳል። አበባውን አልነካውም። ጣቱን እንጨቱ ላይ አድርጎ ወደ ታች ይከተለዋል፤ የትራስ ልብሴን ቁራጭ አልፎ፣ መታጠፊያውን አልፎ፣ ከመሬት እስከሚነሣበት ድረስ። ሰው ጽሑፍ ሲያነብ እንደሚያደርገው ነው። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሌሎቹ ሄደ። ባለፈው የቆረጠባቸውን ጫፎች አንድ በአንድ አየ፣ ከእነሱ የወጣውን አዲስ ቀንበጥ ገለጥ ገለጥ አደረገ። ቅጠል ነው። ተመልሶ መጣ።

"ይሄን እኔ አልቆረጥኩትም" አለ።

ባልዲውን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት።

"ባለፈው ዓመት ባደገው ላይ ነው የምታብበው?" አለኝ።

"አዎ።"

"አምና የቆረጥኩትም ይሄንኑ ነበር።"

ሲከረክም የሚያፏጨው አፉ ተከፍቶ ቀርቷል፣ እንደገና ሲከደን አየሁት። "እትዬ፣ ጋሼ ያውቅ ነበር?"

አያውቅም ማለት እችል ነበር። አንዲት ቃል ናት። ግን ዓይኔን እያየ ነው የጠየቀኝ፣ እኔ ደግሞ ውሸቴን ሰው አምኖልኝ አያውቅም።

"ያውቅ ነበር" አልኩት። "የመጀመሪያውን ስትቆርጥ ነቅቶ ነበር። ከመስኮቱ አይቶሃል። ሊያንኳኳ እጁን አንስቶ ተወው። እጅህ ይባረክ ያለህ አውቆ ነው።"

መቀሱ ወደ መስኮቱ ዞረ። መስታወቱ ንጹሕ ነው፣ ጠዋት ወልውዬዋለሁ፤ እኛው ራሳችን ነን የምንታየው። ቀስ ብሎ በርሜሉን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀመጠ። እጁን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ሲያየው ቆየ። አላለቀሰም። ቢያለቅስ ይሻለኝ ነበር።

"ምን ቀለም ናት ይል ነበር?" አለኝ በመጨረሻ።

"ቀይ" አልኩት። "ቀይ ናት እንዳለ ሞተ።"

ቀና ብሎ አበባውን አየ።

"ቀይ አይደለችም" አለ።

"አይደለችም" አልኩትና አጠገቡ ተቀመጥኩ።